ሲጓጉል አትድፉት



ጠረጴዛው ላይ ያለውን ታያላችሁ። ጎድጓዳ ሳህን፣ ሹካ፣ አራት ሎሚ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውኃ አለ። በዚህ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ደግሞ ትናንት ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የፈጨሁት ሰሊጥ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ከዚህ መድረክ ሳልወርድ ይህን ሁሉ በአንድ ሳህን አዋሕጄ ማባያ እሠራላችኋለሁ። ዐረቦች የተፈጨውን ሰሊጥ ጠሒና ይሉታል፤ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት በውኃ ሲመታ ሊባኖሶች ጠራጡር ብለው ይጠሩታል። ሰሊጡ አንዴ ከተፈጨ እሳት አይፈልግም፤ ሥራው ዐሥር ደቂቃም አይፈጅም። ግን መሐሉ ላይ አንዲት ክፉ ደቂቃ አለችው። እዚያች ደቂቃ ላይ ብዙ ሰው "ተበላሸብኝ" ብሎ ይደፋዋል። እኔም ደፍቼዋለሁ። ዛሬ የመጣሁት ከሁሉ በላይ ስለዚያች ደቂቃ ልነግራችሁ ነው።

ከሰሊጡ ልጀምር።

ያደግሁት ጎንደር ገጠር ነው። አባቴ መስከረም ሲጠባ ስንቁን ቋጥሮ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርድ ነበር። እሱ ብቻ አልነበረም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከደጋው ሁሉ ወደ መተማ፣ ወደ አብደራፊና ወደ ሑመራ የሚወርደው ሰው መንገዱን ይሞላው ነበር። ያን ያህል ክንድ በአንድ ጊዜ ለምን እንደሚፈለግ ስጠይቀው፣ "ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም" ይለኝ ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ከሥር ያሉት ቆባዎች ቢጫ ሲሆኑ ወዲያው ካልታጨደ፣ ቆባው ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ገና ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ ይታጨዳል። በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ ፀሐይ ሁለት ሳምንት ያህል ታደርቃቸዋለች። ከዚያ ሸራ ይነጠፋል። ነዶው በራሱ ተገልብጦ ሲራገፍ ፍሬው ሸራው ላይ ይዘንባል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ሁለት እጁን እንዲህ ገልብጦ እያራገፈ ነበር። ድምፁን ሳይቀር በአፉ ያሰማኝ ነበር።

ወባ ይዞት የተመለሰባቸው ዓመታት ነበሩ። ከመንደራችን ደግሞ ካላዛር ይዟቸው የመጡ ነበሩ። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ በምትባል ትንሽ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሆድ ያሳብጣል፣ ሰውነት ያከሳል፤ ካልታከሙት ይገድላል። የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታው ከሚበረታባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ነገ ገበያ ሄዳችሁ አንድ ጣሳ ሰሊጥ ስታሰፍሩ ከማን እጅ እንደመጣ እንድታስቡት ብዬ ነው። አጫጁ ወባና ካላዛርን ተጋፍጦ ነው ያጨደላችሁ።

የአገራችን ሰሊጥ በገበያ ላይ በየአካባቢው ስም ይጠራል። የሑመራና የጎንደር አለ፤ የወለጋ አለ። የወለጋው ለዘይት ይመረጣል። የሑመራው ነጣ ያለ፣ ፍሬው ሞላ ያለና ጣዕሙ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለዳቦ፣ ለሐላዋና ለጠሒና ይፈለጋል። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ትልቁን የውጭ ምንዛሪ ካስገቡልን ሰብሎች ግንባር ቀደሙ ነው። በፍልስጤሟ ናብሉስ ከተማ ያሉ የጠሒና ወፍጮ ቤቶችና የእስራኤል ፋብሪካዎች የሑመራን ሰሊጥ በስሙ ጠርተው ይገዙታል። እዚያ ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይታመሳል፣ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፣ በብልቃጥ ይታሸጋል። ከዚያ ጥቂቱ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ እኛው ከተማ መደርደሪያ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ከአንድ ሱቅ አንዲት ብልቃጥ አንስቼ ዋጋዋን ሳይ ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ኪሎ ሰሊጥ ከገዛሁበት ይበልጥ ነበር። አባቴ ያጨደውን እኔ በብልቃጥ ልገዛው? በዚያ ሳምንት ነው ወፍጮዬን ያወረድኩት።

እኔና ጠሒና የተዋወቅነው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ እንደ ብዙ እህቶቻችን፣ በሰው ቤት ልሠራ ቤሩት ገባሁ። ገና በመጀመሪያው ወር ነው፤ ለምሳ ዓሣ ተጠብሷል። አሠሪዬ፣ ማዳም፣ ጠራጡር ሥሪ ብላ በፍጥነት ነገረችኝ። ዐረብኛው ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹ አልገባኝም። ብልቃጡን አሳየችኝ፤ ሎሚውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን አሳየችኝና ሄደች። ብልቃጡን ከፍቼ በጣቴ ስቀምሰው እንባዬ መጣ። የእናቴ ሰሊጥ ነው። እናቴ በጾም ሰሊጡን ለብ አድርጋ አምሳ፣ በወፍጮ ፈጭታ፣ በውኃ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ ጨውና ቃሪያ ጣል አድርጋ እንጀራ ትፈተፍትበት ነበር። ያ ሽታ ነው ቤሩት፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብልቃጥ ውስጥ የጠበቀኝ።

ሳህን ላይ ገለበጥኩት። እንደ ማር ይፈሳል። ሎሚውን ጨምቄ ጨመርኩና ማማሰል ጀመርኩ። በአንድ ጊዜ ያዘ። ጓጎለ፣ ጠቆር አለ፣ ጭቃ መሰለ፤ ሹካው ቆሞበት ቀረ። ደነገጥኩ። አበላሸሁት ብዬ ሰው ሳያየኝ ደፋሁት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጓጎለ። ሁለተኛውን ስደፋ ማዳም ደረሰች። የደፋሁትን ከደመወዜ ቆረጠችው፤ በልጆቿ ፊት የተናገረችኝን እዚህ አልደግመውም።

የማዳም እናት ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ባቅዱኒስ ይለቅሙ ነበር። እኛ ፔርሰሊ የምንለውን ቅጠል ማለቴ ነው። ቤቱ ሁሉ ቴታ ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። ልጃቸው ስትወጣ ጠብቀው በጣታቸው ጠሩኝ። ሦስተኛ ጊዜ አስጀመሩኝ። ሎሚውን አስጨመሩኝ። ጓጎለ። እጄን ወደ መድፊያው ስዘረጋ ክንዴን ያዙና "ማይ! ማይ!" አሉኝ።

ማይ። ይህን ቃል እኮ አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በግእዝ ስሰማው ያደግሁት ቃል ነው። ውኃ። ቴታ ብርጭቋቸውን አንስተው ቀዝቃዛ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠብ እያደረጉ "ምቺው" በሚል ምልክት እጃቸውን አወዛወዙ። አንድ ማንኪያ ገባ፤ ይብስ ጠነከረ። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛው ላይ ለቀቀ። አራተኛው ላይ ነጣ። አምስተኛው ላይ ሳህኑ ውስጥ የነበረው ጭቃ ቀርቶ እንደ ክሬም የለሰለሰ፣ ወተት የመሰለ ነገር ተተክቶ ነበር። ቴታ በጣታቸው ቀምሰው የቀረውን ወደ እኔ አፍ አቀረቡት። በዚያ ቤት በእጁ ያጎረሰኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

በኋላ ዐረብኛው ሲገባኝ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ጠሒና የሚለው ስም ከግእዙ "ጠሐነ" ጋር ሥሩ አንድ ነው። ጠሐነ ማለት ፈጨ ማለት ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ዛሬም ጠሓነ ይላሉ። ጠሒና "የተፈጨ" ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰሊጡን በመጀመሪያ ያላመዱት በሕንድ ምድር የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ባቢሎኖችም ከጥንት ጀምሮ ዘይቱን ያውቁት ነበር፤ ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከሰሊጥ በቀር ሌላ ዘይት አይጠቀሙም ብሎ ጽፎላቸዋል። እንግዲህ ከሕንድ እስከ ሜዲትራኒያን፣ ከሜዲትራኒያን እስከ እናቴ ወፍጮ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ይችን ትንሽ ፍሬ ሲፈጭ ኖሯል።

አሁን ያ ጭቃ ለምን ጭቃ እንደሚሆን ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይደነግጥም። የሰሊጥ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ስንፈጨው ዘይቱ ይወጣና የደቀቀው ፍሬ በዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። ብልቃጡ ውስጥ እንደ ማር የሚፈሰው ለዚህ ነው። የደቀቀው ፍሬ ውኃ የሚወድ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት አለው። የሎሚ ጭማቂ ማለት አብዛኛው ውኃ ነው። ያች ትንሽ ውኃ ስትገባ ደቃቁ ሁሉ ይሻማባታል፤ ያብጣል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በሶ አስቡ። በሶ ላይ ትንሽ ውኃ ብታደርጉ የምታገኙት ጭብጦ ነው። ውኃውን ስታበዙት ብጥብጥ ይሆናል፤ ይጠጣል። ጭብጦው የተበላሸ በሶ አይደለም፤ ውኃ ያነሰው በሶ ነው። ሰሊጡም እንዲሁ ነው። ውኃው ሲበቃው ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን ዘይቱ ነው በጥቃቅን ጠብታ ተሰባብሮ በውኃው ውስጥ የሚዋኘው። እነዚያ ጠብታዎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው ነጥቶ የምናየው። ወተትም የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ለአንድ ቤተሰብ ሩብ ኪሎ ነጭ ሰሊጥ ይበቃል። ሰሊጥ ከሸራ ላይ የተሰበሰበ ስለሆነ አሸዋ አያጣም፤ በሰፌድ አበጥሩት። ከዚያ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ በእጃችሁ እያሽከረከራችሁ ሰሊጡን ከነውኃው ወደ ወንፊት ገልብጡት፤ አሸዋው ከሥር ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ይህን ሥራ አደራ አትዝለሉት። ጥርስ ላይ የምትንኮሻኮሽ አንዲት አሸዋ ሳህኑን ሙሉ ታበላሸዋለች።

ማመሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብረት ምጣድ፣ ቀስ ያለ እሳት፣ የማያቋርጥ ማማሰያ። መጀመሪያ ውኃው ይተናል፤ ከዚያ ፍሬው ይነፋል፤ መፈንዳትና መዝለል ሲጀምር፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ አንዲት ፍሬ በጣትና በጣት መሐል ስትታሽ ስትደቅ በቅቷል። ቀለሙ ሲጠቁር አትጠብቁ። ቡና አይደለም። ያለፈ ሰሊጥ ይመራል፤ ያን ምሬት ሎሚም ጨውም አያወጣውም። ከእሳት እንዳወረዳችሁት ወዲያው ሌላ ዕቃ ላይ ዘርጉት፤ ምጣዱ ላይ ከተዋችሁት በራሱ ትኩሳት ያርራል። ደግሞም ጥሬው የነበረበት ዕቃ ላይ አትመልሱት። ሳልሞኔላ የሚባለው ተህዋስ ጠሒናን በመሰለ ደረቅና ቅባታም ምግብ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ማመሱ የሚጠብቃችሁ በንጹሕ ዕቃና በደረቅ ማንኪያ ካገዛችሁት ነው።

ፋብሪካዎች ሰሊጡን ይልጡታል። ነክረው፣ ሰንጥቀው፣ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ሲከቱት ልጣጩ ይሰምጣል፤ ፍሬው ይንሳፈፋል። ያ ነው የሱቁ ጠሒና እንደዚያ የሚነጣው። እኔ ለቤት ልፋቱ አይገባውም ባይ ነኝ። ከነልጣጩ የተፈጨው ጠቆር ይላል፣ ትንሽም ይመራል፤ የሰሊጥ ጣዕሙ ግን ይበልጣል። ካልሲየሙም ያለው በአብዛኛው ልጣጩ ላይ ነው። እርግጥ እዚያ ላይ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌት ከሚባል ነገር ጋር ስለታሰረ ሰውነታችን የሚጠቀምበት ከፊሉን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰሊጥ ወተትን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብላችሁ ልጆቻችሁን በእሱ ብቻ አታሳድጉ።

መፍጨቱ በብሌንደር ይሆናል። ሰሊጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ጨምሩት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ እርጥብ አሸዋ ይመስላል፤ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። አቁማችሁ በማንኪያ እየፋቃችሁ ወደ ቢላዋው መልሱት። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ጣል አድርጉበት። ብሌንደሩ ከጋለ አሳርፉት። በየመሐሉ እያረፈ እስከ ዐሥር ደቂቃ ሊሄድ ይችላል፤ በመጨረሻ ከማንኪያ ላይ ይወርዳል። ብሌንደር የሌላት እህት በሙቀጫ ወቅጣ በወፍጮ ትጨርሰው፤ እናቴ የጨረሰችው በመጅ ነው። በንጹሕ ብልቃጥ ገጥማችሁ ከብርሃን አርቁት። ሲቀመጥ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ማማሰል ነው እንጂ አትድፉት። የሰሊጥ ዘይት ሰሳሞልን የመሳሰሉ የራሱ ጠባቂዎች ስላሉት ቶሎ አይከረፋም። ውኃና ሎሚ የገባበት ማባያ ግን ፍሪጅ ውስጥም ከአራት ቀን በላይ አይቆይ።

በምን ይበላል? በቤሩት በተጠበሰ ዓሣ፣ በፈላፍል፣ በሽንብራ ሑሙስ፣ ተጠብሶ በተደቆሰ ደበርጃን። እዚህ እኔ ከሁሉ የወደድኩት በፉል ነው። በጾም ቅቤም እንቁላልም ሲቀር ፉላችን ይደርቃል፤ ሁለት ማንኪያ ጠራጡር ብታፈሱበት ይመለሳል። የድንች ቅቅልና ቀይ ሥር ላይም አፍስሱት። ቃሪያ ከትፋችሁ፣ ሰናፍጭ ጠብ አድርጋችሁ በእንጀራ ሞክሩት። በዚህ ላይ ሰውነት የሚያገኘው አለ። ባቄላ፣ ምስርና ሽንብራ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት አላቸው፤ ሜታዮኒን የሚባለው ግን ያንሳቸዋል። ሰሊጥ ደግሞ ሜታዮኒኑ ሞልቶ ላይሲኑ ነው የሚያንሰው። አንድ ትሪ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ይሞላል። ሃምሳ አምስት ቀን ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልናገር አላልፍም። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አለ። ከንፈር ያብጣል፣ ገላ ሽፍ ይላል፣ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ምግብ ብላ በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ በሕግ አስገድዳለች። እንግዳ ስትጋብዙ ጠይቁ። የሰው ልጅ ስታጎርሱ እናቱን ጠይቁ።

እንግዲህ ልሥራው። ወደፊት ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ቁሙና እዩ።

ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር ደቁሼዋለሁ። ሎሚውን አሁን እዚሁ ላይ እጨምቃለሁ። የእኛ ሎሚ ትንሽ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ይፈልጋል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጭማቂ ለማግኘት። ሽንኩርቱን ሎሚው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የማቆየው በምክንያት ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚያቃጥለው ሲደቆስ በሚጀምር ሥራ ነው፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ያን ሥራ ይገታዋል። ሽታው ይቀራል፤ ማቃጠሉ ይበርዳል።

አሁን ሰሊጡ። ስምንት የሾርባ ማንኪያ ነው። እያያችሁ ነው? እንደ ማር ነው የሚወርደው። ሎሚውን ገለበጥኩት። አማሰልኩ።

ያዘ። ሹካው ቆመ። ይህች ናት ያች ደቂቃ። እዚህ ፊት የተቀመጡት እናት "ውይ" ሲሉ ሰማሁ። እኔም ያኔ ውይ ብዬ ነው የደፋሁት።

ማይ። አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ። ይብስ ጠነከረ፤ ተዉት። ሁለት። ምቱት፤ ክንዳችሁ ይልፋ። ሦስት። ለቀቀ። አራት። ቀለሙን እዩልኝ። አምስት። ስድስት። ለማፍሰሻ የፈለገ እስከ ስምንት ይሂድ፤ በእንጀራ ለሚጠቀስ እዚህ ላይ ይቁም። ጨው ቀመስኩ። 

ሳህኑን ከኋላ ወንበር እንጀምር፤ እነሱ በደንብ አላዩም። ሰሊጥ የማይስማማው ካለ እጁን ያንሳና ይለፈው። እንጀራው ጥግ ላይ ያለው መሶብ ውስጥ ነው።